ሰጋቱራና የአማቴ ዓይን

ሰው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል አዲስ ነገር ከጀመረ ቤተሰቡ ቢጠረጥረው አይፈረድበትም። አንዳንዱ መጠጥ ይተዋል፣ አንዳንዱ መጠጥ ይጀምራል። እኔ የጀመርኩት አናጺነት ነው። መርሳ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠመኔ የከበደ መሣሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ እሱንም ቢሆን ተማሪዎቼ እንደሚመሰክሩት በየደቂቃው እጥለዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ ገዝቶ ቤት ሲገባ፣ ባለቤቴ ብርቄ ያለችው ነገር ቢኖር ጣቶቼን ጠዋት ቆጥሬ እንድጀምር፣ ማታም ቆጥሬ እንድጨርስ ብቻ ነው።

ነገሩ የተነሣው እግሩ ከተሰበረ አንድ ወንበር ነው። የወሰደው አናጺ «ነገ ና» እያለ ክረምቱን አሳለፈኝ። ለመስቀል ወንበሩን እንዳለ፣ እግሩን ለብቻው በፌስታል አድርጎ መለሰልኝ። ተናድጄ ስልኬን ከፈትኩና ወንበር እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳይ ቪዲዮ ፈለግሁ። ስልክ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ከጠየቃችሁት አርባ ያመጣል። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ረስቼ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ንጹሕ ክፍል ውስጥ ቁም ሣጥን ሲሠራ አፌን ከፍቼ እያየሁ ነበር። ወንበሩ እስከ ዛሬ በሦስት እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ዕቃ አገዛዜም ቅደም ተከተል አልነበረውም። ልብ ያለው ሰው መጀመሪያ ሜትር፣ ቀጥሎ የእጅ መጋዝ፣ ከዚያ መሮና መዶሻ ይገዛል። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ማለስለሻ ማሽን ነው፤ ያውም የሚለሰልስ ነገር ሳይኖረኝ። ስለዚህ የምግብ ጠረጴዛችንን አለሰለስኩት። ቀለሙ ሁሉ ሄደ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ደግሞ እንጨት ሳይሆን ቺፑድ ኖሯል። ቀጥሎ መጋዙን፣ ከመጋዙ ቀጥሎ ድሪሉን ገዛሁ። ሜትር የገዛሁት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የምለካው በስንዝር ነበር፤ ስንዝሬ ደግሞ ጠዋትና ማታ እኩል እንዳልሆነ የደረስኩበት የመጀመሪያውን በርጩማ ከሠራሁ በኋላ ነው። ሦስት እግር ያለው ነገር አይንገዳገድም ይላሉ። የኔ አልተንገዳገደም፣ ዝም ብሎ ወደቀ።

የእንጨት መሥሪያዬ ከግቢያችን ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ነበረች። አንድ አልጋ ከተዘረጋ ሌላ ነገር የማይገባባት፣ አንዲት መስኮት ያላት ክፍል ናት። እዚያ ገብቼ መጋዙን ስከፍት የዋንዛው እንጨት ይጮኻል፣ እኔ እደሰታለሁ፣ ሰጋቱራው ደግሞ ይነሣል። ሰጋቱራ ማለት መጋዝ የሚተፋው ብናኝ ነው። ወፍራሙ መሬት ላይ ይወድቃል፤ እሱስ ደግ ነው፣ በመጥረጊያ ይታፈሳል። ችግሩ ቀጭኑ ነው። ቀጭኑ አይወድቅም። ተንሳፍፎ በበሩ ሥር ይወጣል፣ ጓሮውን ያቋርጣል፣ ማድ ቤት ይገባል፣ አልጋ ልብስ ላይ ያርፋል። ብርቄ አንድ ቀን ሽሮውን ቀምሳ ማንኪያውን ቁጭ አደረገችና ወደ እኔ ስታይ ቆየች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ሽሮው ዛሬ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሆኗል አለችኝ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የባልና ሚስት ነገር ነበር። የባልና ሚስት ነገር ደግሞ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይበርዳል። ነገሩን የለወጠው የብርቄ አባት ዓይን ነው።

አባባ አያሌው የጉባ ላፍቶ ደጋ ሰው ናቸው፤ ገብስና ባቄላ ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። መጀመሪያ ሰዉን በድምፁ መለየት ጀመሩ። ቀጥሎ ማሳቸውን በእግራቸው እየዳሰሱ መሄድ ጀመሩ። ብርቄ እንታከም ብላ ስትለምናቸው «ዓይን በስለት አይነካም» ሲሉ ኖሩ። ባለፈው ጥር ግን አንድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ቆመው የገዛ በሬያቸውን ጎረቤት መስሏቸው እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ እያሉ ብዙ ካናገሩት በኋላ እሺ አሉ። በሬው ስላልመለሰ መቀየማቸውን ራሳቸው ነበሩ የነገሩን።

ወልድያ ያለው የዓይን ሐኪም ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ይምጡ ብሎ ቀጠራቸው። አንደኛው ዓይን መጀመሪያ ይሠራል፤ ሲድን ሁለተኛው ይቀጥላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለአንድ ወር ጢስ አይነካቸውም፣ ጎንበስ አይሉም፣ ከሁሉም በላይ አቧራ ወዳለበት አይደርሱም ተባለ። ደጋው ቤታቸው ጢስ አያጣውም፤ ስለዚህ ወሩን እኛ ዘንድ ሊቀመጡ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ትርፍ ክፍል ያለችው አንድ ብቻ ናት፤ ሰርቪሷ።

ብርቄ አልጮኸችም። ሰርቪሷ በር ላይ ቆመች፣ ጣሪያውን አየች፣ ግድግዳውን በጣቷ ነካችና ጣቷን አሳየችኝ።

«አባቴ በዚህ ዕድሜያቸው ዓይናቸውን ለቢላዋ ሊሰጡ ነው» አለች። «ይኼ አቧራ ከዚህ ቤት ይውጣ።»

ልብ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ዕቃውን ጠቅልሎ ያወጣል። እኔ ግን ቃል በቃል ነው የሰማኋት፤ ይውጣ ያለችው አቧራው ነው፤ ስለ መጋዙ ያነሣችው ነገር የለም። ስለዚህ አቧራ የሚያወጣ ማሽን ፍለጋ ተነሣሁ። ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ያለው ሰውዬ ከመጋዙ ኋላ የዝሆን ኩምቢ የመሰለ ቱቦ አለው። ብናኙ ሳይነሣ በቱቦው ይሄዳል፣ ሸሚዙም እንደነጻ ይውላል። ይህን ካገኘሁ አባባ አልጋቸው ላይ ይተኛሉ፣ እኔም ከእግራቸው በኩል ቀስ ብዬ እሠራለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ አሁን ለእናንተ ስነግር ነው ምን ያህል ቂል እንደነበርኩ የገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ አሉ፤ ወገባቸው ላይ ሜትር፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለያቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሽ ደምሴ አንድ ጠባይ አላቸው፤ «የለም» የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም። የጠየቃችሁት ዕቃ ከሌለ የእሱን ዘመድ ያመጣሉ። አቧራ የሚስብ ማሽን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ አወጡ። ይኼ ውኃ ነው የሚስብ ብላቸው፣ መሳቡን ግን አምነሃል አይደል፣ ቀሪው የማስለመድ ጉዳይ ነው አሉኝ። ቀጥሎ የማድ ቤት ጢስ ማስወጫ ማራገቢያ አወጡ። እሷ ደግሞ የእጄን መዳፍ የምታክል ነች። ከዚያ የግድግዳ ቀለም መርጫ አሳዩኝ፤ ይኼ ይረጫል እንጂ አይስብም ብላቸው ገልብጠህ ብትይዘውስ አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም።

በመጨረሻ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረዱ። አንድ ሆቴል ለምንጣፉ አዝዞ ሳይወስደው የቀረ የቤት አቧራ መጥረጊያ ማሽን ነው፤ ክብ ሆድ፣ ረጅም ቱቦ፣ ሁለት ጎማ። ቱቦዋን ሳይ ልቤ ቀለጠ። በዚያው ሳለሁ የአፍ መሸፈኛ ማስክም ጨመሩልኝና፣ ማሽኑ ቢሰንፍ ይኼኛው አይሰንፍም አሉኝ። ያኔ ንግግሩን የሻጭ ወግ አድርጌ ነበር የወሰድኩት።

ወደ መርሳ ስመለስ ማሽኑ ተመልሶ ካርቶኑ ውስጥ አልገባ ስላለ ጭኔ ላይ ነበር፤ ቱቦው አንገቴ ላይ ተጠምጥሟል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና በሽተኛው ማን እንደሆነ በዝግታ ጠየቁኝ። የኦክስጅን ማሽን መስሏቸው ነው። አማቴ ናቸው፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። እግዚአብሔር ይማራቸው ብለው መርሳ እስክንገባ ድረስ ቱቦውን እንዳይታጠፍ በእጃቸው ደግፈው ያዙልኝ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ማሽኗን ከመጋዙ ጋር በፕላስተር አጋብቼ ሥራ ጀመርኩ። ለሰባት ደቂቃ ያህል በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብናኙ ይሄዳል፤ ዓይኔ እያየው በቱቦው ሽው ይላል። በስምንተኛው ደቂቃ ድምጿ ቀጠነ። ሆዷ ውስጥ ያለችው ከረጢት ለምንጣፍ የተሰፋች ነች፤ የአንድ ምንጣፍ አቧራ ለመሙላት ሳምንት ይፈጅባት ይሆናል፣ አንድ የዋንዛ ሳንቃ ግን አንዴ ነው የሚያጠግባት። ከጠገበች በኋላ ደግሞ ከፊት የምትውጠውን ከኋላዋ መትፋት ጀመረች። የሚያሳዝነው ወፍራሙን ይዛ ቀጭኑን ነው የምትተፋው። በፊት ጓሮውን ለማቋረጥ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት አቧራ አሁን ኃይል አግኝቶ በአንድ ጊዜ ማድ ቤት ደረሰ። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝና ነቀልኳት።

ብርቄ በር ላይ ቆማ ነበር። አንድ ሳምንት ብቻ እንደቀረ ነገረችኝና ሄደች።

በማግሥቱ ወደ ሙሌ ሄድኩ። ሙሌ አብሮ አደጌ ነው፤ መርሳ መውጫ ላይ ጋራዥ አለው፤ ከአይሱዙ እስከ ባጃጅ የማይጠግነው የለም። ሙሌ አንድ ነገር ሲነገረው መልስ ከመስጠቱ በፊት እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ጠርጎ ሲጨርስ ስሕተቴን በግልጽ ነገረኝ፤ ሰጋቱራ በጉልበት የሚጠባ አይደለም፣ በብዙ ነፋስ የሚነዳ ነው። ያቺ ማሽን በቀጭን ቧንቧ ጠላ እንደሚጠጣ ሰው ናት፤ ስበቷ ኃይለኛ ነው፣ የምትወስደው ግን ጉንጭ ነው። የሚያስፈልገኝ የወፍጮ ቤት ነፋሻ ነው አለኝ። ወፍጮ ቤት ዱቄቱን በቱቦ የሚነዳ ትልቅ ማራገቢያ አለው። እሱን ከበርሜል ጋር ስናገናኘው፣ ወፍራሙ በርሜል ውስጥ ይወድቃል፣ ቀጭኑ ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ በታሰረ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይቀራል። ሲናገር ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳለልኝ። ጠመኔ ሳይ እኔ አምናለሁ።

ረቡዕ ግራና ወደምትባል ከተማ ሄድን። እዚያ ሥራ ያቆመ አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ነፋሻውን ሊሸጥ ፈቃደኛ ነው፤ ግን ከመሸጡ በፊት ለምን እንደምንፈልገው ማወቅ ፈለገ። ሙሌ ለሰጋቱራ ነው ብሎ አስረዳው። ሰውዬው ሰጋቱራውን ለምን እንደምፈልገው ጠየቀ። አልፈልገውም፣ እንዲሄድልኝ ነው አልኩት። የማትፈልገውን ነገር ለምን ትሠራለህ ላለኝ መልስ እስከ ዛሬም አላገኘሁለትም። ነፋሻውን የባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ እኔና ሙሌ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ተጣብቀን ተመለስን። መንገዱ በነቀነቀን ቁጥር የከረመ ዱቄት ከነፋሻው እየወጣ ሦስታችንንም ነጭ አደረገን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገጠምነው። የመሳቢያውን አፍ በርሜል ውስጥ፣ የመትፊያውን አፍ በመስኮቱ ወደ ውጭ አደረግን። በርሜሉ ውስጥ ለሙከራ እንዲሆን ሦስት ወር ያጠራቀምኩት ሰጋቱራ ነበር። የቀረው ከረጢቱ ብቻ ነው። ለከረጢት የሚሆን አንሶላ ብርቄን ብጠይቃት፣ የሰጠችኝ መልስ እዚህ ባይጻፍ ይሻላል። ለማንኛውም ሞተሩ ይዞር እንደሆን ለማየት ሙሌ ማብሪያውን ጫነ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ። እኛ አላጠፋነውም፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው። ጥቂት ጠበቅን። ሙሌ እጁን በጨርቅ ጠረገና እስኪመጣ ሻይ እንጠጣ አለኝ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ስለ ሁለተኛው ማሽን አወራን፤ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛ ማሰብ የዚህ ሥራ ደንቡ ነው። በመካከሉ ከራዲዮኑ ዘፈን ወጣ፣ አምፑሉ በራ፤ ሻይ ቤቱም እንደ ልማዱ ባንድ አፍ «መጣ» አለ። እኛም «መጣ» ብለን ተደሰትን። ተደስተን ሁለተኛ ሻይ አዘዝን። ማብሪያው ተጭኖ እንደቀረ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ትዝ አላለንም።

ስልኬ ጮኸ። ብርቄ ናት።

«ና» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

የሰርቪሷ መስኮት ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ የሺ ግቢ ነው የሚያየው። እትዬ የሺ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በሰፈሩ በበርበሬ አዘገጃጀታቸው የታወቁ ሴት ናቸው። ድፍን ሰፈሩ በርበሬ ሲያዘጋጅ እሳቸውን አማክሮ ነው። የዚያን ቀን የዓመት በርበሬያቸውን ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ወቅጠው፣ እርጥቡን በትልቅ ሸራ ላይ አስጥተው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ደረቅ ቢሆን ኖሮ ይራገፋል። እርጥብ ነው።

ስንደርስ ማሽኑ ገና እየሠራ ነበር። ይህን ለእውነት ስል መናገር አለብኝ፤ ማሽኑ ፍጹም ነው የሠራው። አንድ ቅንጣት ብናኝ ክፍሏ ውስጥ አልቀረም። በርሜሉ ባዶ ሆኖ ነበር፤ ታጥቦ የተወለወለ ይመስላል። የሦስት ወር ሰጋቱራ በመስኮቱ ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ በዚያ ቀይ ሸራ ላይ በእኩል ውፍረት ተነጥፏል። እኔ በእጄ ላድርገው ብል እንደዚያ እኩል አላደርገውም። ሙሌ ሮጦ ሲነቅለው ግቢው ጸጥ አለ፤ የእትዬ የሺ ዶሮዎች ብቻ ቡናማ ሆነው ክንፋቸውን ያራግፉ ነበር።

እሳቸው ነጠላቸውን እንደለበሱ ከሸራው ጫፍ ላይ ቆመዋል። እኔ በአጥሩ በር ገብቼ አጠገባቸው ቆምኩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ፤ የሰውን የዓመት ቀለብ እንዲህ በአንድ ከሰዓት ግን አበላሽቼ አላውቅም። እትዬ የሺ ጎንበስ አሉና በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱት። ቀስ ብለው አላመጡት። አሰቡበት።

«የምን እንጨት ነው?» አሉኝ።

«ዋንዛ ነው፣ እትዬ።»

«ሙሉውን?»

«ጥቂት ባሕር ዛፍም አለበት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባሕር ዛፉ ነው ያበላሸው» አሉ። «ዋንዛው ብቻ ቢሆን ችዬ እበላው ነበር።»

ይህን ያሉት ሳይስቁ ነው። እኔም ሳልስቅ ነው የሰማኋቸው፤ እግሬ ሥር መሬት ቢከፈት ያለ ክርክር እገባ ነበር። በርበሬውን ገዝቼ እንደምተካ ነገርኳቸው። እሱማ ግድህ ነው፣ መግዛትማ ማንም ይገዛል፣ የሚወቅጠው ማን ነው አሉኝ። ክንዳቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ያንን ለመውቀጥ አራት ቀን ነበር የፈጀባቸው። ብርቄ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሯል። እሱ ይወቅጠዋል አለች። ወደ ሙሌ ዞር ስል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ ሲጨርስ እሱም እንደሚወቅጥ ተናገረ።

አርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜን ሙሉ እኔና ሙሌ እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ በሁለት ሙቀጫ ፊት ለፊት ቆመን በርበሬ ወቀጥን። ሰው ሰጋቱራ ያስነጥሳል ሲል እሰማለሁ። በርበሬ ያልወቀጠ ሰው ስለ ማስነጠስ ባያወራ ጥሩ ነው። ጋሽ ደምሴ የጨመሩልኝ ማስክ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ አይመስለኝም፤ ሰውዬው ነቢይ ናቸው። አንዱን ማስክ ከሙሌ ጋር በየተራ ነው ያደረግነው። በአጥሩ ላይ ተማሪዎቼ ተደርድረው ያዩናል፤ አንደኛዋ ሰኞ ፈተና እንዳለ ጮክ ብላ አስታወሰችኝ። እትዬ የሺ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የወቀጥነውን እየቆነጠሩ በጣታቸው ያሹና አልላመም ይሉናል። እንደገና እንወቅጣለን። አልላመም። እንደገና። ከእጅ መሣሪያ ሁሉ የከበደው ሙቀጫና ዘነዘና መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ጥራቱን የሚቆጣጠረው ሰውም እንደ እትዬ የሺ ያለ አይገኝም። ቅዳሜ ማታ ሊመሽ ሲል በቃ፣ ይኼ በርበሬ ነው አሉን። ካርታ ሥዬ ካገኘሁት ማዕረግ ሁሉ ያኛው ይበልጥብኛል።

እሑድ ተኝቼ ዋልኩ። መዳፌ ላይ የተነሣው ውኃ የቋጠረ ቁስል ትራስ እንኳ አላስነካኝም። ተኝቼ ጣሪያውን እያየሁ ብርቄ መጀመሪያ ያለችኝን ነገር እንደ አዲስ ሰማሁት። እኚያ ሽማግሌ ያንን ሁሉ ዓመት ፈርተው ፈርተው በመጨረሻ ዓይናቸውን ለቢላዋ ሊሰጡ ወስነዋል። ከዚያ በኋላ የሚተኙት እኔ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ የማስበው ሞተሩን እግራቸው ሥር የት እንደማስቀምጠው ነበር። ተነሥቼ ብርቄን ዕቃውን ላወጣው ነው አልኳት። የሚታጠበውን መጋረጃ እየነቀለች ነበር። መልካም፣ ከጣሪያው ጀምር አለችኝ።

ሰኞ መጋዙንም፣ ድሪሉንም፣ ነፋሻውንም በሙሌ ጋሪ ጭነን ጋራዡ ጀርባ ወዳለች ቆርቆሮ ጥላ ሥር ወሰድን። እዚያ አቧራ እንግዳ አይደለም፤ ጎረቤቱም የድንች እርሻ ነው። አሁንም እዚያው ነው የምሠራው። ነፋሻው ወደ እርሻው ይተፋል፣ ባለ እርሻው ለድንቹ ይጠቅመኛል ብሎ አንድ ቀን አመስግኖኛል። እኔም ቢሆን አሁን በአብዛኛው የምይዘው የእጅ መላጊያ ነው፤ መላጊያ አቧራ አያስነሣም፣ እንጨቱን እንደ ቀጭን ሪባን እየጠቀለለ ያወጣዋል፤ ድምፁም ሰው አይረብሽም። ከሁሉ አስቀድሜ መግዛት የነበረብኝ እሱን ነበር። ግን መላጊያ በስልክ ላይ አያምርም።

ማክሰኞ ብርቄ አባቷን ይዛ ወልድያ ገባች። ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ዓይናቸው ታሽጎ እዚያው ዘመድ ቤት አደሩ። እኔ ፈቃድ ወስጄ ክፍሏን ሳጸዳ ቀረሁ። አቧራ የሚባለው ነገር ተንኮሉ ይኼ ነው፤ ስታጥቡት ጭቃ ይሆናል፣ ሲደርቅ ተመልሶ አቧራ ይሆናል። ጣሪያውን ሦስቴ ጠረግሁ። ኮርኒሱ ላይ፣ የመስኮቱ መቃን ውስጥ፣ የአምፑሉ አንገት ላይ፣ ያልገባበት የለም። ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻውን ዙር ከጣሪያው እያወረድኩ ሳለሁ ብርቄ ደወለች። እሽጉ ሊፈታላቸው ነው፤ እሳቸው ግን መምህሩ ሳይመጣ አይፈታም ብለው እምቢ ብለዋል አለችኝ። ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ እያየ ነው፤ ቶሎ ድረስ።

ለምን እኔን እንደጠበቁ አልገባኝም ነበር። እጄን ብቻ ታጥቤ ሮጬ ወጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ሰው ለመቀመጥ አመነታ። አንዱ መንገደኛ የየትኛው ወፍጮ ቤት ሰው እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አልኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም።

ስደርስ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው። ብርቄ እጃቸውን ይዛለች። ነርሷ እኔን ስታይ ደንግጣ ከበሩ እንዳላልፍ በእጇ አመለከተችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ። ነርሷ እሽጉን ቀስ ብላ ፈታችው፣ ዓይናቸውን በፋሻ ጠራረገች፣ ይክፈቱት አለቻቸው።

ከፈቱት። መጀመሪያ ያዩት የብርቄን እጅ ነው፤ ከእጇ ተነሥተው ወደ ፊቷ ወጡ። ፊቷን ረጅም ጊዜ አዩት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ እሷ እንባዋን እስክትጠርግ ድረስ ነው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

«ይኼ ሽማግሌ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ድምፄን ለዩት። «ና እስቲ፤ ሁለታችሁን አብሬ ላይ ብዬ ነው የጠበቅሁህ» አሉኝ። ነርሷ ልትከለክል ስትል ብርቄ በዓይኗ ለመነቻት፤ በሽተኛው እጃቸውን ብቻ ይዘርጉ፣ ፊታቸውን ያዙሩ ብላ ፈቀደች። ከወንበሩ አጠገብ ተንበረከክሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በዚያ በማረሻ በሻከረ መዳፋቸው ጭንቅላቴን መታ መታ አደረጉት። የዋንዛ ብናኝ ወለሉ ላይ ወረደ። ነርሷ ተነፈሰች።

መልሰው ዞሩና አዩኝ። የራሴን ጎንና ጎን፣ ከጆሮዬ በላይ ያለውን ነጭ አዩ። እንደገና እጃቸውን ዘረጉ፤ አሁን የዳሰሱት ቀስ ብለው ነው። የወደቀ ነገር አልነበረም።

«ይኼኛውስ?» አሉኝ።

«ይኼኛው አይራገፍም፣ አባባ።»

እጃቸውን ከራሴ ላይ አላነሡም።

«እንግዲያ ሳላይ ብዙ ቆይቻለሁ» አሉ።